ስንጥቅና ፊደል

የምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ጎረቤቶቼ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ። ማዕረጉ የታሪክ መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከእኔ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ያበጠውን አሳዩኝ። «አባባ፣ እኔ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ነው የማየው» ብላቸው ደንገጥ ብለው ሱሪያቸውን መለሱ።

የማስተምረው የመካከለኛውን ዘመን የእስልምና ታሪክ ነው፤ በተለይ በዚህ በእኛ አገር በሸዋና በይፋት ቆላ የነበሩትን የሙስሊም ከተሞች። ያደግሁት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ጾም በማይሻርበት ቤት ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ዐረብኛ መማር ስጀምር «ምነው ልጄ፣ የራሳችን ታሪክ አለቀ?» አለኝ። «ይኸም የራሳችን ነው አባባ» አልኩት። አላመነኝም። ግን መዝገበ ቃላቴ ሽፋኑ ተገንጥሎ ሲያይ ወስዶ በወፍራም ወረቀት ለብጦ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንስተን አናውቅም።

በየዓመቱ ክፍሌ የሚገቡት ተማሪዎች ግማሾቹ ለመከራከር፣ ግማሾቹ ለመኩራት ይመጣሉ። ማን ማንን አሸነፈ በሚለው ላይ ጆሯቸው ይቆማል። ስለ ጨው፣ ስለ ዳኝነት፣ ስለ ቤት አሠራር ሳወራ ስልካቸውን ያወጣሉ። እኔም ለምጄዋለሁ።

እሷ የመጣችው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ፣ ግራጫ ሻርፕ የምትለብስ ቀጭን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በተራራ ጫፍ ላይ ስለፈረሰች አንዲት ከተማ አስተማርኩ፤ ስለ መስጊዷ ግድግዳ፣ እርከን በእርከን ስለተሠሩት ቤቶቿ፣ ስለ መቃብር ድንጋዮቿ። ስጨርስ «ጥያቄ?» አልኩ።

እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ውኃ ከየት ነበር የሚቀዱት?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ተራራ ጫፍ ላይ ነው ያሉት። ወንዙ ደግሞ ታች ነው ብለዋል። ማን ነበር የሚወርደው?»

ስለዚያች ከተማ የተጻፈ ነገር ሁሉ ያነበብኩ ይመስለኝ ነበር። ይህን የጠየቀ አላጋጠመኝም። «አላውቅም» አልኳት።

ከክፍል ስንወጣ ተከትላኝ መጣች። «ይቅርታ ዶክተር፣ ለማሳቅ አልነበረም። እኛ ሰፈር፣ አብነት፣ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጀሪካን ተሸክሜ ነው ያደግሁት። ከተማ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።»

ከልደታ አብነት ቅርብ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት በአንድ ታክሲ እንመለስ ጀመር። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትይዝ ሁለተኛውን ከእኔ ጋር ልትቀጥል ወሰነች። ይህን የሰሙት አባቷ አንድ እሑድ ቤቴ መጡ። ትውልዳቸው ስልጤ ነው፤ አብነት ውስጥ የምስማር፣ የማጠፊያና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አካውንቲንግ ደርሷት ነበር» አሉኝ። «እሷ ናት ትታ ታሪክ ያለችው። ዲግሪውን ያዘች፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ደግሞ ድንጋይ አነባለሁ ትለኛለች። ዶክተር፣ ይኸ ድንጋይ እንጀራ ይሆናታል?»

«ለእኔ ሆኖኛል።»

«እርስዎ አንድ ነዎት። አገሪቱ ድንጋይ የሚያነብ ሰው ስንት ትፈልጋለች?»

ስለ ከተማዋ ሰዎች አወራሁላቸው። ነጋዴዎች እንደነበሩ፣ ከባሕር ጠረፍ የመጣውን ጨርቅ ወደ ደጋ ሲያወጡ፣ ጨውና ወርቅ ሲያወርዱ እንደኖሩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ቀስ በቀስ ከሶፋው ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ተቀመጡ።

«ሱቅ ነበራቸው?»

«ሳይኖራቸው አይቀርም። ግን እስካሁን የት እንደሆነ አላገኘነውም።»

«እንግዲህ እሱን ታግኝ» አሉና ተነሡ። በሩ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ «ግን ቶሎ ትጨርስ» አሉኝ።

በበጋ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ከተማዋ ድረስ ሄድን። የውኃ ጥያቄዋን ይዛ ፍርስራሹን ስትዞር ዋለች። ከመስጊዱ ጓሮ ዝናብ የሚጠራቀምበት ትልቅ የድንጋይ ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ አንድ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል። ይህ ድንጋይ አዲስ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች ጽሑፉን ገልብጠው አሳትመውታል። «ይህ መቃብር…» ይልና ስሙ ያለበት ቦታ ተሰብሯል፤ ከስብራቱ በኋላ «የእገሌ ልጅ» ይላል። ሁሉም «ወንድ ልጅ» ብለው ነው ያነበቡት። በመጽሐፍ የሚታወቀውም የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ የሆነ ባላባት መቃብር ተብሎ ነው። እኔም ያስተማርኩት እንደዚያው ነው።

እሷ ድንጋዩን ከንጋት እስከ ምሽት ፎቶ አነሣችው። ፀሐይዋ ዝቅ ስትልና ከጎን ስትመታው ፊደሎቹ ጥላ ያወጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ምንም አይታይም። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ደርድራ ቤቴ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ትቀመጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በዐረብኛ «የእገሌ ወንድ ልጅ» የሚለው ቃል «ኢብን» ነው፤ አሊፍ በሚባል እንደ በትር በቆመ ፊደል ይጀምራል። «ሴት ልጅ» ደግሞ «ቢንት» ነው፤ ያ በትር የለውም። በጥንቱ አጻጻፍ ፊደሎቹ ነጥብ ስላልነበራቸው፣ የቃሉ መጨረሻም ስለተበላ፣ ሁለቱን የሚለየው ያ ቋሚ ጭረት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

«ዶክተር፣ ይህ አሊፍ ለምንድን ነው ከመስመሩ በታች የወረደው?» አለችኝ አንድ ቅዳሜ።

«ጠራቢው እጁ አምልጦት ይሆናላ።»

«ወደ ላይም ያልፋል። እስቲ ይዩት።» የንጋቱን ፎቶ አሰፋችው። «ሌሎቹ ፊደሎች ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው፣ መሮ የቆረጣቸው። ይኼኛው ግን የተቦጫጨቀ ነው። ፊደል ባይሆንስ? ስንጥቅ ቢሆንስ?»

መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩት፣ መልሼ አደረግኩት። ስንጥቅ ነበር። ድንጋዩ ራሱ በዘመን ብዛት የተሰነጠቀበት መስመር።

«ሴት ናት» አለች። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ወንድ ሲሏት ኖሩ።» ከዚያም አራስ ቤት እንዳለች ሁሉ እልል አለች። ድምፅዋ ከፍ እንዳለ ስታውቅ አፏን በሻርፕዋ ሸፈነች። ሁለታችንም እንባ እስኪወጣን ሳቅን። በማስተማር ከኖርኩባቸው ዓመታት እንደዚያ ያለ ከሰዓት በኋላ አላስታውስም።

ያን ሰሞን ነው ደረጃው ይከብዳት የጀመረው። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። በር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ አመድ መስሎ ትቆማለች። «አስም ቢጤ ነው» ትለኛለች። «ሐኪም ዘንድ ሂጂ» እላታለሁ፤ «እሺ» ትላለች። አንድ ቀን ከታች ደውላ «ዶክተር፣ ዛሬ እርስዎ ይውረዱልኝ» ስትል ኮምፒውተሩን ይዤ ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አኑረን ሠራን። በማግሥቱ እናቷ ሐኪም ቤት ወሰዷት። በልጅነቷ በደጋገማት የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልቧ በር ጠብቧል አሉ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ወረፋ አለው።

ወረፋው አይገፋም። አባቷ ያልለመኑት ሰው አልቀረ፣ ውጭ ለመላክ ያልጠየቁበት ቦታ የለም። እሷ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ስለ ድንጋዩ የምትጽፈውን ጽሑፍ ትጨርስ ነበር። ትራሷን ከፍ አድርጋ፣ ኮምፒውተሩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ። እኔ አስተያየት ጽፌ እልካለሁ፣ እሷ ትከራከረኛለች። «ይኼን አንቀጽ ያውጡት ሲሉኝ አላወጣውም፤ ስለ ውኃው ነው» አለችኝ በመልእክት። አልወጣም።

ሆስፒታል ስትገባ ሄድኩ። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበረ። ዓይኗን ገልጣ «ላኩት?» አለችኝ። ጽሑፏን ወደ ውጭ አገር የጥናት መጽሔት ልኬላት ነበር። «ልኬዋለሁ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ከአልጋው ማዶ ተቀምጠዋል። ብዙ አማርኛ አይናገሩም፤ ከልጃቸው ጋር በስልጥኛ ነው የሚያወሩት። ልወጣ ስል ኮሪደሩ ድረስ ተከትለውኝ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«እርስዎ ዶክተር አይደሉ?» አሉኝ። «ልጄ ሁሌ ዶክተር ትላለች። እባክዎን አንድ ነገር ያድርጉላት። እነዚህ ይሰሙዎታል።»

ምን ልበላቸው? የታሪክ ነው አልኳቸው፤ የሕክምና አይደለም። አልገባቸውም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም። ክንዴን አልለቀቁም። ነርሷ መጥታ እስክታስገባቸው ድረስ እዚያ ቆምን። ማዕረጌን ለማግኘት የደከምኩትን ያህል ያን ሰዓት ጠልቼዋለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ወረፋዋ ሳይደርስ ሞተች። ፈተና እያረምኩ ነበር ስልክ የተደወለልኝ። አብነት ስደርስ ወንዶቹ ይዘዋት ሄደዋል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ድንኳኑ ገና እየተወጠረ ነበር። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ነበሩና ቦታ ለቀቁልኝ፣ እናቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቷ አላለቀሱም። እጄን ይዘው አንድ ነገር ደጋግመው በስልጥኛ አሉ። አጠገቤ ያለችውን ወጣት ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት። «ቁርስ አልበላችም ነው የሚሉት» አለችኝ።

ትምህርት ሲጀመር የዚያች ከተማ ትምህርት ተራው ደረሰ። ልዘለው አሰብኩ፤ አልዘለልኩትም። አንድ ተማሪ ከመጽሐፉ ጮክ ብሎ ሲያነብ «የእገሌ ወንድ ልጅ መቃብር» አለ።

«ሴት ናት» አልኩት።

«መጽሐፉ ወንድ ይላል ዶክተር።»

«ተሳስቷል። ስንጥቅ ነው አሊፍ ብለው ያነበቡት።»

«ማን ነው ያገኘው?» ሲል ዳስተሩን አነሣሁ። ሰሌዳውን እያጠፋሁ ጀርባዬን ሰጥቼ ብዙ ቆየሁ። ተማሪዎቹ ገብቷቸው ይሁን ፈርተው አላውቅም፣ አንድ በአንድ ወጡ።

ከሐዘኑ በኋላ አባቷ መጡ። ያን ቀን ጫማቸውን አላወለቁም፣ አልገቡምም። በሩ ላይ ቆመው «የመቃብር ጽሑፍ ነው ሥራዋ ብላኝ ነበር ስለ እርስዎ» አሉኝ። «ድንጋይ ላቆምላት ነው። ምን ተብሎ ይጻፍ? በዐረብኛ።»

ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ለሞቱ ሴቶች የሚጽፉትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ደጊቱ፣ ጨዋዪቱ፣ የደጋጎች ልጅ። አንዱም እሷን አይመስልም። ብዙ ቀን ወረቀት እየቀደድኩ ከረምኩ። በመጨረሻ ስሟን ጻፍኩ፣ ከስሟ ቀጥሎ «ቢንት» ልል ስል እጄ ቆመ። ያንን ቃል በሕይወቴ ስንት ድንጋይ ላይ እንዳነበብኩት አላውቅም። ለአንድም ሰው ጽፌው ግን አላውቅም ነበር። ጻፍኩት። የአባቷን ስም፣ ከዚያም አላህ እንዲምራት የሚለምን አንድ መስመር ጨመርኩና ሱቃቸው ድረስ ወሰድኩላቸው።

ወረቀቱን አዩት። «አጭር ነው።»

«አጭር ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ጽሑፏን ተቀበሉት፤ እንዲብራሩ የሚፈልጓቸው ነጥቦች ግን ነበሯቸው። እሷ ብትሆን እንዴት እንደምትከራከር እያሰብኩ በሷ ፈንታ መለስኩ። አንዱ ስለ ውኃው ያለው አንቀጽ ከርዕሱ ይወጣል ብሎ ነበር፤ አይወጣም ብዬ ጻፍኩ። ሊታተም ሲቃረብ ስለ ጸሐፊዋ ሁለት መስመር ላኩልን አሉ፤ ማን ናት፣ የት ታስተምራለች፣ ቀጥሎ ምን ልትሠራ አስባለች። «ናት» ብዬ የጨረስኩትን ዓረፍተ ነገር «ነበረች» ብዬ ለመለወጥ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ሲታተም በወረቀት አውጥቼ አብነት ሄድኩ። አባቷ ለአንድ ደንበኛ ምስማር እየመዘኑ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሉኝ፤ ገጾቹን አገላበጧቸው።

«ስሟ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋቸው። በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። ጣታቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ተነሥተው የሱቁን ላሜራ እስከ ግማሽ አወረዱ፣ ለኔ በርጩማ አወጡ፣ እሳቸው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። «ያንብቡልኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው እኮ።»

«በአማርኛ ያንብቡልኝ።»

እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሁሉን ነገር፤ የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር እንዳልዘለው ጠየቁኝ። በላሜራው ሥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «የበር ማጠፊያ አለ?» ሲል «ዝግ ነው ወንድሜ» አሉት። የድንጋዩ ጽሑፍ በንጹሕ ዐረብኛ ፊደል የተገለበጠበት ገጽ ላይ ስንደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። በልጅነታቸው ቁርኣን ቀርተዋል፤ ትርጉሙን ባያውቁትም ፊደሉን ያነባሉ። «ሃዛ ቀብር…» አሉ ቀስ ብለው፣ እሳቸው ፊደሉን፣ እኔ ትርጉሙን እያልን ወረድን። ስሙ የተሰበረበት ቦታ ላይ ነጥቦች አሉ፤ ነጥቦቹን በጣታቸው አለፏቸው።

መጨረሻው ላይ ምስጋና አለ። እኔን አመስግናለች፣ የክፍል ጓደኞቿን፣ ሾፌራችንን። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ድንጋዩንና የውኃውን ጉድጓድ የለካሁበትን ሜትር ከሱቁ ላዋሰኝ ለአባቴ።

«አልመለሰችልኝም» አሉ። «ሁለቴ ጠየቅኳት። አመጣዋለሁ ትለኛለች።» ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው መልሰው የተደረደሩትን የቧንቧ ክርኖች ማስተካከል ጀመሩ፤ የተስተካከለውን እያነሡ እዚያው ያስቀምጡ ነበር። ከጎረቤት መስጊድ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ላሜራውን ከፍ አድርገው አስወጡኝ። «ይኼ ለእኔ ነው?» አሉ ገጾቹን ይዘው። «ለእርስዎ ነው» አልኩ።

ዋናው መንገድ ላይ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። የኋላ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀመጥን። ረዳቱ ሒሳብ ሲል ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ብሩ አልታየኝ አለ። ያኔ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት። አጠገቤ የነበረች ዘንቢል የያዘች ሴት ለሁለታችንም ከፈለችና ከጡቷ ሥር ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ። ማን እንደሞተብኝ አልጠየቀችም።

«እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ።

ተማሪዬ ለእኔ ዘመዴ አልነበረችም፤ እስከዚያች ሰዓት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። «አሜን» አልኳት። ሴትየዋ «ወራጅ አለ» ብላ ልደታ ሳንደርስ ወረደች።